የዩክሬን ዜግነት በአያት በኩል፦ ሕጉ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

እናቱ፣ አባቱ ወይም አያቱ ዩክሬን የተወለዱ ሰው የዩክሬንን ዜግነት መጠየቅ እንደሚችል ብዙዎች ሰምተዋል። ጉዳዩን የሚጀምሩ ሰዎች በአብዛኛው የሚዘጋጁት ግን አያታቸው በዘር ዩክሬናዊ መሆናቸውን ለማስረዳት ነው፤ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የቆየ ደብዳቤ፣ አያት ይናገሩት የነበረውን ቋንቋ የሚያስታውሱ ዘመዶች ቃል ይሰበስባሉ። ሕጉ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። የአያት ብሔር ምን እንደ ነበረ፣ በየትኛው ቋንቋ ይነጋገሩ እንደ ነበር፣ በየትኛው ቤተ እምነት ይጸልዩ እንደ ነበር ውሳኔ ሰጪውን አካል አያሳስበውም። የሚፈለገው አያት የት እንደ ተወለዱ ወይም በቋሚነት የት እንደ ኖሩ፣ ጠያቂውም በእርግጥ የእኚያ ሰው የልጅ ልጅ መሆኑ በሰነድ መታየቱ ነው። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው የተረዳ ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው በጃንዋሪ 2001 የወጣውና በዚያው ዓመት በማርች ወር ሥራ ላይ የዋለው የዩክሬን የዜግነት ሕግ ነው። የሕጉ አንቀጽ 8 ዜግነት በግዛታዊ መነሻ የሚገኝበትን መንገድ ይደነግጋል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ጠያቂው ራሱ፣ ወይም ከወላጆቹ አንዱ፣ ወይም ወንድ ወይም ሴት አያቱ፣ ወይም ወንድሙ ወይም እህቱ፣ ወይም ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ከኦገስት 24 ቀን 1991 በፊት ዛሬ የዩክሬን ግዛት በሆነው መሬት ላይ የተወለዱ ወይም በቋሚነት የኖሩ ከሆነ፣ ሌሎቹን ሁኔታዎች ሲያሟላ በዜግነት ይመዘገባል። ወንድምና እህት ሲባል በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙትም ይጨምራል። ቅድመ አያት ግን በ2001ዱ ሕግ ዝርዝር ውስጥ አልገቡም። ስለዚህ ቅድመ አያቱ ከጋሊሺያ (በዛሬው ምዕራብ ዩክሬንና ደቡብ ምሥራቅ ፖላንድ ካለው አካባቢ) ወደ ካናዳ የተሰደዱ፣ አያቱና ወላጆቹ ግን እዚያው ካናዳ የተወለዱ ሰው፣ በቤቱ ውስጥ የዩክሬን ባህል ምንም ያህል ተጠብቆ ቢቆይ፣ በዚህ ዝርዝር አይሸፈንም። በአንጻሩ ከኦዴሳ የወጣች አይሁዳዊት፣ በሊቪቭ የተወለደ ፖላንዳዊ፣ ከባህቺሳራይ የተጋዘ የክሪሚያ ታታር ወይም በካርኪቭ ፋብሪካ ዕድሜውን የፈጀ ሩሲያዊ የልጅ ልጆች ሁሉ በአንቀጹ ዘንድ እኩል ናቸው።

ሕጉ ለምን በዚህ መልክ እንደ ተጻፈ መረዳት ይጠቅማል፤ የሚጠየቁት ሰነዶች ሁሉ ከዚሁ ምክንያት የሚመነጩ ናቸውና። ዜግነትን በትውልድ ሐረግ የሚሰጡ አንዳንድ አገሮች ዜግነት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይቋረጥ መተላለፉን ይመረምራሉ። ለዚያም ከብዙ ዓመታት በፊት የነበረ፣ ለዜጎቹ ፓስፖርት ይሰጥ የነበረ መንግሥት ያስፈልጋል። በዩክሬን ግን ከ1991 በፊት የተወለዱት አያቶች እንደየአካባቢያቸውና እንደየዘመናቸው የኦስትሪያ-ሀንጋሪ፣ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት፣ የፖላንድ፣ የሮማኒያ፣ የቼኮስሎቫኪያ ወይም የሶቪየት ኅብረት ተገዢዎችና ዜጎች ነበሩ። ሲወርድ ሲዋረድ ሊመጣ የሚችል የዩክሬን ዜግነት በእጃቸው አልነበረም። ሕግ አውጪው በብሔር መለየትን ስላልመረጠ፣ የዜግነት ሐረግም ስላልነበረ፣ መሬቱን መለኪያ አደረገ። ይህ በእኔ እምነት ከሕጉ ክፍሎች ሁሉ ፍትሐዊው ነው። በሃያኛው መቶ ዘመን ጦርነትና ረሀብ ከዚያ ምድር ያፈናቀላቸው ሰዎች ዩክሬናውያን ብቻ አልነበሩምና፣ በር ሲከፈት ለሁሉም መከፈቱ ተገቢ ነበር።

እናት በዚያች ቀን የት ነበረች?

አንቀጽ 8ን ከመመልከት በፊት ግን መጣራት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ጠያቂው ምናልባት ሳያውቀው አስቀድሞ ዜጋ ሊሆን ይችላል። በሕጉ አንቀጽ 7 መሠረት ሲወለድ ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ የዩክሬን ዜጋ የነበረ ሰው በዓለም ላይ የትም ይወለድ የት ከልደቱ ጀምሮ ዜጋ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አዲስ ዜግነት አያመለክትም፤ ያለውን ዜግነት ያስመዘግባል እንጂ። ልዩነቱ በተግባር ከባድ ውጤት አለው፤ ከታች የምናየው የሌላ አገር ዜግነትን የመተው ግዴታ በልደት ዜጋ በሆነው ላይ አይጫንም።

ይህ ክፍል ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በቀጥታ የሚመለከታቸው ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተማሩት በኪየቭ፣ በካርኪቭ፣ በኦዴሳና በሌሎች የዩክሬን ከተሞች ነው። እዚያው ትዳር የመሠረቱ፣ ልጅ የወለዱ፣ የትዳር አጋራቸውን ይዘው አዲስ አበባ የገቡ አሉ። ዛሬ እነዚያ ልጆች ጎልማሶች ናቸው፤ ከፊሎቹም የራሳቸው ልጆች አሏቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናቲቱ የፖልታቫ ተወላጅ ናት፤ ባሏ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ነው፤ ልጃቸው በ1995 አዲስ አበባ ተወለደ። ኦገስት 24 ቀን 1991 ዩክሬን ነጻነቷን ባወጀችበት ዕለት እናቲቱ የሶቪየት ዜጋ ሆና በፖልታቫ በቋሚነት ትኖር ከነበረ፣ ሕጉ በዚያች ቀን የዩክሬን ዜጋ አድርጓታል፤ ከዚያ በኋላ ዜግነቷን በሕጋዊ መንገድ እስካልተወች ድረስም በ1995 የተወለደው ልጇ በልደት ዜጋ ነው። ነገር ግን እናቲቱ በ1984 ከባሏ ጋር አዲስ አበባ ገብታ በ1991 ኑሮዋ እዚያው ከነበረ፣ በዚያ ቀን በዩክሬን በቋሚነት መኖርን መነሻ ያደረገው ድንጋጌ አይነካትም። በእጇ ያለው የሶቪየት ፓስፖርት የዩክሬን ዜጋ መሆኗን አያሳይም፤ ልጇ ከመወለዱ በፊት የዩክሬንን ዜግነት በሌላ መንገድ አግኝታ እንደ ሆነ ካልተረጋገጠ በቀር ልጁ የሚሄድበት መንገድ አንቀጽ 8 ይሆናል። በዚያ መንገድ ደግሞ የእናቱ ፖልታቫ መወለድ ብቻውን መነሻ ሆኖ ይበቃዋል። እንግዲህ አንዲት እናት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ዓይነት የልደት ወረቀት ይዘን እንኳ መልሱ የሚወሰነው እናቲቱ በዚያች የኦገስት ቀን የት ትኖር እንደ ነበር በማወቅ ነው። የድሮ ፓስፖርቷ ላይ ያለው የመኖሪያ ማኅተም፣ የሥራ መጽሐፏ ወይም የቤት መዝገብ ግልባጭ ከምንም በላይ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

የሶቪየት ሰነዶችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው አንድ ነገር እንዳያደናግረው ላስታውስ። በሶቪየት ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የብሔር ዓምድ ነበረ፤ እዚያ ላይ ዩክሬናዊ፣ ሩሲያዊ፣ አይሁዳዊ፣ አርሜናዊ ወዘተ. ተብሎ ይጻፋል። ይህ ከዜግነት ጋር አይገናኝም፤ በአንቀጽ 8 ጥያቄም ላይ ለውጥ አያመጣም። ዓምዱ ላይ «ሩሲያዊት» የሚል በማየታቸው ብቻ ጉዳዩን ተስፋ ቆርጠው የተዉ ሰዎች ካሉ ወረቀቱን እንደገና አውጥተው እዚያው የተጻፈውን የትውልድ ቦታ ቢያነቡ ይበጃቸዋል።

ካርታው ሲቀያየር

የትውልድ ቦታን ማስረዳት ከሩቅ ሲታይ ቀላሉ ክፍል ይመስላል፤ በተግባር ግን አስቸጋሪ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። የዛሬዋ ኢቫኖ-ፍራንኪቭስክ እስከ 1962 ድረስ ስታኒስላቪቭ ወይም በሌሎች ቋንቋዎች ከዚህ ጋር በሚቀራረቡ ስሞች ትጠራ ነበር። ክሜልኒትስኪ እስከ 1954 ፕሮስኩሪቭ ነበረች። ዶኔትስክ መጀመሪያ ዩዚቭካ፣ ቀጥሎ እስከ 1961 ድረስ ስታሊኖ ተብላለች። ድኒፕሮ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የካቴሪኖስላቭ፣ ከ1926 እስከ 2016 ደግሞ ድኒፕሮፔትሮቭስክ ነበረች። ሊቪቭ በኦስትሪያ ሰነድ ላይ ሌምበርግ፣ በፖላንድ ሰነድ ላይ ልቩቭ ትባላለች። በአያት ወረቀት ላይ «ኦስትሪያ፣ ጋሊሺያ» ተብሎ ቢጻፍ ወይም የአሜሪካ የመርከብ መንገደኞች መዝገብ ተሳፋሪውን «ኦስትሪያዊ» ቢለው የሚያስገርም አይደለም፤ ያ ቦታ ያኔ በእርግጥ በኦስትሪያ ሥር ነበርና። ቁም ነገሩ ቦታው ዛሬ በየትኛው ድንበር ውስጥ እንደሚገኝ ነው።

በዚህ መለኪያ በ1930 ሲምፈሮፖል የተወለደ ሰው፣ ምንም እንኳ ክሪሚያ እስከ 1954 በሶቪየት ሩሲያ ሥር የነበረች ብትሆን፣ ዛሬ የዩክሬን ግዛት በሆነ መሬት ላይ እንደ ተወለደ ይቆጠራል። ኡዝሆሮድ የተወለዱ አያትም እንዲሁ፤ ልደታቸው በሀንጋሪ ዘመን ይሁን በቼኮስሎቫኪያ ዘመን ለውጥ የለውም። ሕጉ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ዛሬ ከዩክሬን ውጭ ያሉ፣ ነገር ግን ሰውየው በተወለደበት ወይም በኖረበት ጊዜ የዩክሬን ሕዝባዊ ሪፐብሊክ፣ የምዕራብ ዩክሬን ሕዝባዊ ሪፐብሊክ፣ በ1918 የነበረው «የዩክሬን መንግሥት»፣ የትራንስካርፓቲያ ዩክሬን ወይም የሶቪየት ዩክሬን አካል የነበሩ ቦታዎችንም ያካትታል። ለምሳሌ ዛሬ በሞልዶቫ ድንበር ውስጥ የምትገኘው ቲራስፖል ከ1924 እስከ 1940 በሶቪየት ዩክሬን ሥር በነበረ ራስ ገዝ ሪፐብሊክ ውስጥ ነበረች። በ1930 እዚያ የተወለደች ሴት የልጅ ልጆች ይህን ሳያውቁ «አያታችን የሞልዶቫ ሰው ናት» ብለው ሊተዉት የሚችሉት ጉዳይ በሕጉ ፊት የቆመ ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ላይ ዓመቱ ወሳኝ ስለሆነ የልደት ቀኑን ከአስተዳደር ታሪኩ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

መዝገቡን ለማግኘትም ይኸው ታሪክ መታወቅ አለበት፤ ማን እንደ ጻፈው፣ በምን ቋንቋ እንደ ጻፈው፣ ዛሬ የት እንደ ተቀመጠ የሚወስነው እርሱ ነው። በሶቪየት ሥር በነበሩት አካባቢዎች ከ1919 ወዲህ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገቡት በመንግሥት የክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ነበር። ከዚያ በፊት ሥራው የቤተ ክርስቲያን፣ የምኩራብ ወይም የመስጊድ ነበር። በጋሊሺያ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ የሃይማኖት ተቋማት መዝገብ ቀጥሏል፤ በትራንስካርፓቲያ (ኡዝሆሮድ በምትገኝበት አካባቢ) ደግሞ የሀንጋሪ መንግሥት የሲቪል ምዝገባን የጀመረው በ1895 ነው። ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው መዝገቦች በደንቡ ከክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤቶች ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይዛወራሉ። የጋሊሺያ የግሪክ ካቶሊክ መዛግብት ጥቂት በማይባል መጠን በሊቪቭ ማዕከላዊ የታሪክ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ከቀድሞዋ ፖላንድ ምሥራቃዊ ክፍል የወጡ ሌሎች መዛግብት ደግሞ ዋርሶ ተቀምጠዋል።

አንድ የጋሊሺያ የጥምቀት መዝገብ ገጽ ሲገለጥ ምን እንደሚታይ ልግለጽ። ገጹ በላቲን ርዕሶች በዓምድ የተከፋፈለ ነው። በግራ በኩል የተወለደበትና የተጠመቀበት ቀን ይቆማል፤ ቀጥሎ የቤት ቁጥር ይመጣል፤ በመንደር ውስጥ አንድን ቤተሰብ ከስም አቻው ለመለየት የሚያገለግለው ይህ ቁጥር ነው። ከዚያ የሕፃኑ ስም፣ ሃይማኖቱ፣ ጾታው፣ በጋብቻ ውስጥ መወለዱ ይከተላል፤ የወላጆች ስም ብዙ ጊዜ ከእናት አባትና እናት ስም ጋር ተያይዞ ይጻፋል፤ በስተቀኝ የክርስትና አባትና እናት ከነሥራቸው ይሰፍራሉ፤ አዋላጇም ትጠቀሳለች። አንድ ገጽ ብቻ የሦስት ትውልድ ስም ሊይዝ ይችላል። ስሞቹ ግን በላቲን መልክ ተጽፈዋልና ዮሐንስ በአንዱ ሰነድ «ዮሐኔስ»፣ በሌላው «ኢቫን»፣ ካናዳ ሲደርስ ደግሞ «ጆን» ሆኖ ይገኛል። ይህን የስም ለውጥ ቢሮው ያውቀዋል ብሎ መተው አይገባም፤ ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያያይዝ ወረቀት መቅረብ አለበት።

ጦርነቱ በመዛግብቱም ላይ ደርሷል። የክሪሚያ፣ የዶኔትስክና የሉሃንስክ መዛግብት ብዙዎቹ ከ2014 ጀምሮ ከኪየቭ ቁጥጥር ውጭ ናቸው። በ2022 ቼርኒሂቭ የነበረው የጸጥታ አገልግሎት ቤተ መዛግብት በጥቃት ተቃጥሏል፤ በዚያው ዓመት መጸው የሩሲያ ኃይሎች ከሄርሶን ሲወጡ ከከተማዋ ቤተ መዛግብት ሰነዶችን ጭነው ወስደዋል። ይህ የሚያሳዝነው ስለ አመልካቾች ብቻ አይደለም፤ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ስማቸው የቀረ ሰዎች ነበሩ። ሰነድ ጠፍቶ ሲቀር ያለው ሕጋዊ መንገድ ፍርድ ቤት ነው። የዩክሬን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዝምድናን ወይም ልደትን የመሰለ ሕጋዊ ፍሬ ነገር በፍርድ እንዲረጋገጥ ይፈቅዳል፤ ለዚህም ቤተ መዛግብቱ መዝገቡ እንደሌለ የሚሰጠው የጽሑፍ መልስ ራሱ አስፈላጊ ማስረጃ ነው። ስለዚህ «የለም» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሊጥለው አይገባም።

የአዲስ አበባ ወረቀትና የፖልታቫ ወረቀት

ከመነሻው እስከ ጠያቂው ድረስ ያለው ሰንሰለት በልደትና በጋብቻ ምስክር ወረቀቶች ይያያዛል። አያት ፖልታቫ የተወለዱበት፤ እናት የእርሳቸው ልጅ መሆኗ የታየበት፤ እናት ስታገባ ስሟ ከተለወጠ የጋብቻው፤ በመጨረሻም የጠያቂው የራሱ። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ምንም ያህል ቢያምሩ አይቆሙም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የወጡ ወረቀቶች እዚህ ላይ የተለየ ችግር ያመጣሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። በዩክሬን ሰው በራሱ ስም፣ በአባቱ ስም ላይ በተመሠረተ ስምና በቤተሰብ ስም ይጠራል። የአገራችን መዝጋቢ ግን «የእናት ስም ከነአባት» የሚለውን ቦታ በለመደው መንገድ ስለሚሞላ፣ ኦክሳና ፔትሪቭና ኮቫለንኮ የተባለች ሴት በልጇ የልደት ካርድ ላይ «ኦክሳና ፔትሮ» ሆና ትቀራለች፤ የቤተሰብ ስሟ ከወረቀቱ ይጠፋል። ኪየቭ ያለው ባለሥልጣን ኦክሳና ፔትሮና ኦክሳና ኮቫለንኮ አንድ ሴት መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን ወደ አውሮፓውያኑ ሲመለስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት ላይ ተርጓሚ ስለሚሳሳት በአንድ ሰው ስም የሚለያዩ ሁለት የልደት ዓመቶች የያዙ ወረቀቶች ይገኛሉ። ሦስተኛው የምዝገባ መዘግየት ነው። በ2012 በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2016 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ያወጡት አድገው ነው። ከልደቱ ሠላሳ ዓመት በኋላ የተሰጠ ወረቀት በሩቅ አገር ባለሥልጣን ዓይን ጥያቄ ቢያስነሳ አይፈረድበትም፤ በተቻለ መጠን በጊዜው የተጻፈ የሆስፒታል ወረቀት፣ የጥምቀት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ አብሮ ቢቀርብ ጥርጣሬውን ያቀላል።

ስለዚህ ወረቀት ከመተርጎም በፊት ማረም ይቀድማል። የእናትን ሙሉ ስም ፓስፖርቷ ላይ እንዳለ አድርጎ በመዝገቡ ላይ ማስተካከል፣ ካልተቻለም በፍርድ ቤት የስም ማረጋገጫ ማውጣት፣ ትርጉሙንና የማኅተሙን ሥራ ከዚያ በኋላ ማድረግ ብልህነት ነው። የውጭ አገር ሰነድ በዩክሬን የሚታየው ሕጋዊነቱ ተረጋግጦና ወደ ዩክሬንኛ ተተርጉሞ ነው። ዩክሬን ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ የአፖስቲል (የሰነድ ማረጋገጫ) ስምምነት አባል ስለሆነች ስምምነቱ ከሚሠራባቸው አገሮች የመጣ ሰነድ በአንድ ማኅተም ያልፋል፤ ከሌሎቹ የመጣው ግን ሰነዱ በወጣበት አገር ባለሥልጣናትና በዩክሬን ቆንስላ በኩል ደረጃ በደረጃ መረጋገጥ አለበት። ማመልከቻው ዩክሬን ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ሰው በመንግሥት የፍልሰት አገልግሎት፣ ውጭ በቋሚነት ለሚኖር በዩክሬን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ይቀርባል። በዜግነት ለመቀበል በሌላ መንገድ ለሚያመለክት የሚጠየቀው የአምስት ዓመት ነዋሪነት በአንቀጽ 8 ለሚያመለክት አይጠየቅም።

ያለው ዜግነትስ?

ብዙዎች ሳይጠይቁ የሚያልፉት፣ ግን ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። በ2001ዱ ሕግ መሠረት የውጭ ዜጋ በአንቀጽ 8 ሲመዘገብ የቀድሞ ዜግነቱን እንደሚተው በጽሑፍ ግዴታ ይገባ ነበር፤ ለመተዉም የሁለት ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል፤ እስከዚያ የሚይዘው ጊዜያዊ የዜግነት ማረጋገጫ ነው። የዩክሬን ፓርላማ በጁን 2025 ያጸደቀውና ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ በጁላይ የፈረሙበት ሕግ ይህን አሠራር በከፊል ለውጧል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ የዩክሬን መንግሥት በዝርዝር የሚያወጣቸው አገሮች ዜጎች የቀድሞ ዜግነታቸውን ሳይተዉ በቀለለ መንገድ የዩክሬን ዜጋ እንዲሆኑ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ዝርዝር አሜሪካን፣ ካናዳን፣ ጀርመንን፣ ፖላንድንና ቼክን ይዟል። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ የለችበትም። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር የአሜሪካ ወይም የጀርመን ፓስፖርት የያዘ የኢትዮጵያዊና የዩክሬናዊት ልጅ፣ አዲስ አበባ ከሚኖረው ወንድሙ የተለየ ሁኔታ ላይ ነው፤ የእናታቸው የልደት ወረቀት አንድ ቢሆንም። ዝርዝሩ በመንግሥት ውሳኔ የሚሻሻል ስለሆነ ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት በጊዜው ያለውን መመልከት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ደግሞ የራሳችን ሕግ ይናገራል። በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቆጥረዋል። ማንም ሳይጠይቀው፣ ወረቀት ሳይፈርም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ለሆኑ የውጭ ዜጎች የሚሰጠው መታወቂያ ነው፤ መኖርና መሥራት ያስችላል፣ መምረጥና መመረጥን ግን አይሰጥም። በልደት ዩክሬናዊ የሆነውም ቢሆን ነጻ አይደለም፤ ይኸው አዋጅ በውጭ ዜጋ ወላጁ ምክንያት ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንዲመርጥ ይፈልጋል።

ለወንዶች ደግሞ ሳይሸፋፈን ሊነገር የሚገባው አለ። የዩክሬን ሕግ ስንት ፓስፖርት ቢኖረውም ዜጋውን በግዛቱ ውስጥ የሚያየው እንደ ዩክሬን ዜጋ ብቻ ነው። ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ጀምሮ አገሪቱ በጦርነት ሕግ ሥር ናት፤ በአያቱ በኩል ዜጋ የሆነ ወንድ ሰውም እዚያ እንደ ተወለደው ሁሉ የወታደራዊ ምዝገባ ግዴታ አለበት። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለውትድርና የመጠራት ዕድሜ ከ27 ወደ 25 ዝቅ ብሏል። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 60 የሆኑ ወንዶች ከአገር መውጣት የተከለከሉ ሲሆን፣ በኦገስት 2025 ከ18 እስከ 22 ዓመት ላሉት ክልከላው ተነሥቷል። የአያቱን መንደር ለማየት በአዲሱ ፓስፖርት የገባ የ30 ዓመት ሰው ድንበሩን መልሶ መሻገር ላይችል ይችላል፤ የሌላ አገሩ ኤምባሲም ሊያወጣው አይችልም። ውጭ ያሉ ወንዶችም ከሜይ 2024 ጀምሮ አብዛኛውን የቆንስላ አገልግሎት ለማግኘት የወታደራዊ ምዝገባ ሰነድ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። ይህን አውቆ፣ አስቦበትና ወዶ የሚገባ ሰው አለ፤ ክብር ይገባዋል። ሳያውቅ የሚገባ ግን መኖር የለበትም።

ዜግነት ሳይወስድ ከአገሪቱ ጋር ሕጋዊ ትስስር መፍጠር ለሚፈልግ በ2004 በወጣ ሌላ ሕግ የተደነገገ የውጭ ዩክሬናዊነት ማረጋገጫ አለ። ይህኛው በዩክሬናዊ ማንነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ መለኪያው ከአንቀጽ 8 ይለያል፤ ፓስፖርትም አያሰጥም፤ የውትድርና ግዴታም አያመጣም። ያለውን ዜግነት ማጣት ለማይፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው እርሱ ይመስለኛል።

ልጆችን በተመለከተ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 የሆኑት ያለ ራሳቸው ፈቃድ አይመዘገቡም። ከዚያ በታች ላሉት ወላጅ ያመለክታል፤ ሁለቱም ወላጆች ቁጭ ብለው ከተነጋገሩበት በኋላ ግን ቢሆን ይመረጣል፤ ዛሬ የስምንት ዓመት ልጅ የሆነው ከአሥር ዓመት በኋላ የ18 ዓመት ወጣት ነውና። ወጪን በሚመለከት ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው በማመልከቻው ክፍያ ላይ ሳይሆን ሰነድ በማፈላለግ፣ በማስተርጎምና በማረጋገጥ ላይ ነው፤ ስለዚህ በቅድሚያ ሁሉንም የሚያስከፍልና ውጤቱን ዋስትና የሚሰጥ ደላላ ጋር መሄድ አያስፈልግም። ሥራው የሚጀመረው ሁለት መስመር በሚሆን ጥያቄ ነው፦ የእናት ወይም የአያት ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ቦታ ተጽፎ፣ በቦታው ላለው የክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ወይም ቤተ መዛግብት የልደቱ ሙሉ ግልባጭ እንዲሰጥ ይጠየቃል። መልሱ በጽሑፍ ሲመጣ ቀሪው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ይታወቃል።